የዶቅማ ዘር አይጠብቅም፦ በጣና ዳር ሀገር በቀል ዛፍ ለማፍላት ለተነሳችሁ

ባሕር ዳር ውስጥ ችግኝ ፈልጎ ለወጣ ሰው ግራቪሊያ ሞልቷል። ባሕር ዛፍ፣ ጃካራንዳ፣ ማንጎና አቮካዶም አይጠፋም። ዶቅማ ግን ጠይቁ። እሼ ጠይቁ። ሰልቸን ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ «የለንም» ነው። አንዳንድ ቦታማ ዛፉን በስሙ የሚያውቀውም ሰው አይገኝም። የሚያሳዝነው እነዚህ ዛፎች የዚሁ የጣና ዳር ልጆች መሆናቸው ነው። በጀልባ ዘጌ ወርዳችሁ ከቡናው ሥር ስትሄዱ ከላይ ጥላ የሚሆኗችሁ እነሱ ናቸው።

እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አነስተኛ ችግኝ ጣቢያ ሀገር በቀል ዛፍ ሳፈላ ዓመታት አልፈዋል። ሰዎች መጥተው «ከየት ልጀምር?» ሲሉኝ ቆሜ ብዙ አወራለሁ። የሚያወሩት ግን ይረሳል፣ ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። በግቢው ጥቂት ችግኝ ለማፍላት ለሚያስብም፣ ማኅበር አቋቁሞ ለሚሠራም፣ የደብሩን ጫካ ማስፋት ለሚፈልግ ሰበካ ጉባኤም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበል። ሀገር በቀል ዛፍ የሚጎድለን ፍላጎት ስለጠፋ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ «ሀገር በቀል ይሻላል» ይላል። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ችግኝ የማይተክል ሰው የለም ማለት ይቻላል። የጎደለን የእያንዳንዱ ዛፍ የዘር ጠባይ በጽሑፍ አለመያዙ ነው። መቼ ይለቀማል? ስንት ጊዜ ይቆያል? ምን ይደረግለት? ይህን የሚያውቁ አንዳንድ አዛውንቶችና የጣቢያ ሠራተኞች አሉ። ሰውየው ጡረታ ሲወጣ ግን እውቀቱም አብሮት ይወጣል፣ አዲሱ ሠራተኛ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

ይህን ያሳየኝ ባልጠበቅሁት በኩል የመጣ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ በሚማርበት ጊዜ አንድ የአሜሪካ ሳይንሳዊ መጽሔት በስልኩ ከፍቶ አሳየኝ። «ኔቲቭ ፕላንትስ ጆርናል» ይባላል። መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሥራው የሰሜን አሜሪካን ሀገር በቀል ዕፅዋት ለጥበቃና ለመልሶ ማልማት እንዴት እንደሚያፈሉ መጻፍ ነው። «እትዬ፣ ይኼ ያንቺ ሥራ አይደል እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለማላውቀው አገር ቁጥቋጦና ሣር የተጻፈ ቢሆንም ሥራው የእኔው ነበር።

ደስ ያለኝ አጻጻፉ ነው። ብዙዎቹ ጽሑፎች አጫጭር ናቸው፣ አንዱ ስለ አንድ ተክል ብቻ ያወራል። ዘሩ ከየት ቦታ ተለቀመ፣ ከፍታው ስንት ነው፣ በየትኛው ወር፣ እንዴት ተፀዳ፣ ምን ተደረገለት፣ በምን አፈር ተዘራ፣ ከመቶው ስንቱ በቀለ። ከዚያ የችግኙን ዕድሜ ለሦስት ይከፍሉታል። መጀመሪያ ከመዝራት ጀምሮ ሥር እስኪይዝ ያለው ጊዜ ነው። ቀጥሎ በፍጥነት የሚያድግበት። በመጨረሻ ውኃና ጥላ እየቀነሱ ለሜዳው የሚያጠነክሩበት። ያልበቀለውንም አልበቀለም ብለው ያትማሉ። እኔን በጣም የረዳኝ ይኸኛው ነው። አንዱ የሞከረውና ያልሆነለት መንገድ ከተጻፈ ሌላው ዘሩን አያባክንም።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቃችሁ። መንገዳቸውን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። እዚያ ክረምት ማለት በረዶ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ዘሮቻቸው ሳይቀዘቅዙ አይነቁም። ዘሩን ከርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያስቀምጡታል። ይህን አንብቦ የዶቅማ ዘር ፍሪጅ ውስጥ የሚከት ሰው እንዳይኖር። የእኛን ዘር የሚያነቃው ሌላ ነው፤ ዝናብ፣ የወፍና የጦጣ ሆድ፣ አንዳንዱን ደግሞ እሳት። ከእነሱ የምንወስደው ጠያቂነታቸውንና አመዘጋገባቸውን ነው።

የኛ አገር ተመራማሪዎችም ብዙ ሠርተዋል፣ ሥራቸው ችግኝ ጣቢያ ድረስ ባይደርስም። እነ ፕሮፌሰር ደምል ተከታይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ የተቀበረውን ዘር አጥንተው ነበር። ያገኙት ነገር ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። የአብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት አይጠብቅም። ቶሎ ይበቅላል፣ ወይም ይሞታል። አፈሩ ውስጥ የሚቆየው በብዛት የአረምና የሣር ዘር ነው። እንግዲህ ጫካው ተመንጥሮ ዓመታት ያለፉትን መሬት «ከልለን ብንተወው ዛፉ በራሱ ይመለሳል» ማለት ለብዙ ዓይነት ዛፍ አይሠራም። ዘሩ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፣ ወይም ሰው ችግኝ አፍልቶ መትከል አለበት።

ወደ ዘሮቹ ልግባ። ለኔ ሥራ የሚመቸኝ ዘሮቹን «የማይጠብቁ»፣ «ቆዳቸው የጠነከረ» እና «ባዶ የሚበዛባቸው» እያልኩ መለየት ነው።

ከማይጠብቁት ቀዳሚው ዶቅማ ነው። ፍሬው ሐምራዊ ሆኖ ሲበስል ልጆች ይበሉታል፣ ወፎችም ይረባረቡበታል። ዘሩ ርጥብ ነው። እንደ ስንዴ ደርቆ ጎተራ አይገባም። ከደረቀ ሞተ ማለት ነው። አንድ ጣቢያ በጆንያ ሙሉ ዶቅማ አስለቅሞ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ እስከ ጥር አቆይቶ እንደዘራው አውቃለሁ። መደቡ ባዶ ቀረ። «ዘሩ መጥፎ ነበር» ተብሎ ተወራ። ዘሩ ሲለቀም እንከን አልነበረውም። ዶቅማ በተለቀመ በቀናት ውስጥ ሥጋው ታጥቦ፣ በጥላ ሥር፣ በርጥብ አፈር መዘራት አለበት። ከዘጌ ወይም ከዓባይ ዳር ስለቅም በፌስታል አላፍነውም። ርጥብ ጨርቅ በለበሰ ዘንቢል አድርጌ በዚያው ሰሞን እዘራዋለሁ።

እዚህ ላይ ዶቅማ ለምን ከጣቢያዎቻችን እንደጠፋ ገባኝ። የዶቅማ ፍሬ በኛ በኩል በአብዛኛው የሚደርሰው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። የችግኝ ጣቢያ ሥራ ደግሞ ሐምሌ ላይ ለመትከል ታስቦ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይዘራል። ዶቅማ በተለቀመበት ሰሞን ሌላው ሰው ችግኝ እያከፋፈለ ነው፤ መደብ የሚያዘጋጅ የለም። ዘሩን ልጠብቅ ቢል ይሞታል። ወዲያው ቢዘራው ደግሞ ችግኙ ለተከላ የሚደርሰው ለከርሞ ሐምሌ ነው፣ ማለትም ዓመት ሙሉ ውኃና ጥላ ይፈልጋል። በጀቱ በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚዘጋ ጣቢያ ይህን አይወድም። ስለዚህ ዶቅማ ማፍላት የምትፈልጉ ሁሉ ከመጀመሪያው የአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሥራ ብላችሁ ያዙት። ለዚህ የግለሰብና የገዳም ግቢ ከትልልቅ ጣቢያዎች ይሻላል። ጥግ ላይ ጥቂት ቱቦ (ችግኝ የሚያድግበት ፕላስቲክ) ዓመቱን ሙሉ ማጠጣት አይከብድምና።

ጥቁር እንጨትም ድርቀት አይወድም። ይህ ዛፍ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ ከዘር በፍጥነት ስለሚፈላበት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2004 ጥናት አሳትመዋል። ፍሬው ሲጠቁር ለቅሞ፣ ሥጋውን አጥቦ፣ ሳይቆይ መዝራት ነው።

ብርብራ የሀገራችን ብቻ የሆነ ዛፍ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይገኝም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ዘሩ ትልቅ ነው፣ ምንም ሕክምና አይፈልግም፣ በፍጥነት ይወጣል። ቆባው ግን በበጋ ፀሐይ ሲደርቅ ይፈነዳና ዘሩን ይበትናል። ስለዚህ ቡናማ መሆን ሲጀምር ቆባውን ቆርጣችሁ ጆንያ ውስጥ ከትታችሁ ፀሐይ ላይ አድርጉት። በራሱ ጊዜ እየጮኸ ይፈነዳል። አደራ የምለው፣ ዘሩ ለዓሣ መርዝ ነው። ጣና ላይ ዓሣ ለማደንዘዝ ወቅጠው የሚጨምሩ መኖራቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ የዘራችሁበትን ዕቃ ሐይቁ ላይ አትጠቡ፣ ዘሩንም ከሕፃናት አርቁ።

ቆዳቸው የጠነከረው እነ ግራርና ሰሳ ናቸው። ይህ ዘር በደንብ ከደረቀ ብዙ ይቆያል፤ ውኃ ግን አያስገባም። ለግራር ውኃ አፍልቶ ከእሳት ማውረድ፣ ዘሩን መጨመር፣ ከዚያ እዚያው እስኪቀዘቅዝ ማሳደር ይበቃል። እሳት ላይ እንዳለ እንዳትጨምሩት፣ ይቀቀላል። ጠዋት አብጦ ያገኛችሁትን ዝሩ። ያላበጠውን መልሳችሁ ሞክሩ። ዘሩ ጥቂት ከሆነ ግን ከፈላ ውኃ ይልቅ ጥፍር መቁረጫ እመርጣለሁ። ዘሩን በሁለት ጣት ይዞ፣ ከቆባው ጋር ተያይዞ የነበረበትን ጫፍ ትቶ በተቃራኒው በኩል ቆዳውን ብቻ ጫር ማድረግ ነው። ነጩ ሥጋ ነጥብ ያህል ከታየ በቂ ነው። ጠልቆ የተቆረጠ ዘር ይበሰብሳል። ሰሳ ላይ ደግሞ ነቀዝን ተጠንቀቁ። ቀዳዳ ያለበትን ዘር ወዲያው ለዩት።

ወይራ ከውጭ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሽፋን አለው። ሳይነካ ከተዘራ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እኔ ፒንሳ እጠቀማለሁ። ቀስ ብሎ መጫን፣ ቀጭን ስንጥቅ ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ማቆም። መጀመሪያ ላይ ብዙ ዘር ይደቃል፣ ከዚያ እጅ ይለምደዋል። ዋንዛን ግን መስበር አያስፈልግም። ሥጋው የሚያጣብቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር አሽቶ በወንፊት ላይ ማጠብ ነው። አንዱ ፍሬ ከአንድ በላይ ችግኝ ሊያወጣ ይችላልና ሲበቅል ለዩት። ዋንዛ ቸኩሎ አይበቅልም፣ ስለዚህ «እምቢ አለ» ብላችሁ መደቡን ቶሎ እንዳትገለብጡት።

ባዶ የሚበዛበት ጥድ ነው። የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ነው። ፍሬ የምታፈራው ሴቴዋ ስትሆን በአቅራቢያዋ ወንድ ከሌለ ፍሬዋ ያማረ ሆኖ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዝግባም እንዲሁ ወንድና ሴት አለው። ለዚህ የሚያዋጣው ምላጭ ነው። ከለቀማችሁት ውስጥ ሳትመርጡ ሃያ ያህል ዘር አንሱና አንድ በአንድ ለሁለት ሰንጥቁ። ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለና ርጥበት ያለው ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ ዱቄት የሚመስል ወይም ባዶ ከሆነ ጨርሷል። ከሃያው አሥራ አምስቱ ባዶ ከሆነ አራት እጥፍ መዝራት ወይም ሌላ ዛፍ መፈለግ እንዳለባችሁ እዚያው ታውቃላችሁ። ይህ ሥራ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የሚያተርፈው ግን የወራት ልፋት ነው።

ዋርካና ሾላ ለየት ይላሉ። ዘራቸው እንደ አሸዋ ደቃቅ ስለሆነ በዘር ማፍላቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከጠና ቅርንጫፍ ቁራጭ ግን ይይዛሉ። ወተቱ እስኪደርቅ ጥላ ሥር አቆይቶ መትከል ነው። ከአንድ ዋርካ የተቆረጠ ሁሉ ያው ዋርካ መሆኑን ግን አትርሱ። ለጥበቃ የምትሠሩ ከሆነ ከተለያየ ቦታ ቁረጡ።

ኮሶ አምጪልኝ የሚለኝም አለ። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፣ ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ሀገር በቀል መሆኑ ብቻውን ለጣና ዳር አይበቃም። እነጉናንና እነጮቄን የለመደ ዛፍ እዚህ አምጥቶ ማንገላታት ዘርም ልፋትም ማባከን ነው።

ከዚያ መጽሔት ያገኘሁት ሌላው ትልቅ ሐሳብ ችግኝን ከተከላው ቦታ ተነስቶ ማሰብ ነው። ጣቢያ ውስጥ ያማረ ችግኝ ሁሉ ጥሩ ችግኝ አይደለም። መጀመሪያ የሚተከልበትን ቦታ ሂዱና እዩ። ለጣና ዳር ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። ሐይቁ ዝቅ የሚለው ክረምት ሲገባ፣ ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ነው። ከፍ የሚለው ደግሞ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ሐምሌ ላይ «ዳር ነው» ተብሎ የተተከለበት ቦታ መስከረም ላይ ውኃ ውስጥ ነው። ባሕር ሸሽ፣ ማለትም ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት፣ የሚያርሱ ገበሬዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። እነሱን ሳትጠይቁ አንድ ጉድጓድ አትቆፍሩ። «ውኃው ከፍ ባለበት ዓመት እስከ የት ደረሰ?» በሉ። በእግራቸው ሄደው ያሳዩአችኋል። ከዚያ መስመር ወዲህ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ራቅ ሲል ዋንዛና ሰሳ። ውኃው የሚደርስበትን ለደንገሉ ተዉለት።

ቦታውን ካያችሁ የችግኙ መጠን ይወሰናል። ሣር የሚውጠው ቦታ ከሆነ ረዘም ያለ ችግኝ ያስፈልጋል፤ ደረቅ ጭንጫ ከሆነ አጠር ብሎ ሥሩ የበረታ። ሥሩን ነው ማየት ያለባችሁ። ቱቦ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ ታች ደርሶ ይጠመዘዛል። ተተክሎ ሁለትና ሦስት ዓመት አምሮ ከቆየ በኋላ በንፋስ የሚወድቀው እንዲህ ያለው ነው። በጣቢያ እያለ ቱቦውን በየጊዜው እያነሳችሁ ከሥር የወጣውን ቁረጡ። ስትተክሉ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቁ፣ ታች የተጠቀለለውንም ሥር በምላጭ አንሱት። ከመትከላችሁ አንድ ወር ያህል ቀደም ብላችሁ ጥላውን አንሱ፣ ውኃውንም ቀንሱ። ስለ አፈሩ ብዙ አልልም። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የጫካ አፈር ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፣ ይሠራልም።

ዘሩ ከየት ይመጣል? እዚህ አካባቢ መልሱ የቤተ ክርስቲያን ጫካ ነው። ዘጌ ውስጥ ማረስና ከብት ማርባት እንደማይፈቀድ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ተያይዞ የሚነገር ትውፊት አለ። ጫካው የቆመው በዚህ ነው። ሰውም ኑሮውን ከቡናና ከጌሾ አደረገ። የጣና አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ለብዙ ዓመታት የሠሩት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከብት እንዳይገባ መከለል ለቡቃያው ሕይወት ምን ያህል እንደሚጠቅም በጥናት አሳይተዋል። እንግዲህ እነዚህ ደኖች የዘር ባንካችን ናቸው። ባንክ ደግሞ በፈቃድ ነው የሚገባው።

ዘጌ መጀመሪያ ዘር ልለቅም የሄድኩ ጊዜ ጫካው ከመግባቴ በፊት የደብሩን አንድ አባት ቀርቤ አስፈቀድኩ።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ምን ፈልገሽ ነው?»

«የእሼ ዘር ነበር አባ። ላፈላው ብዬ።»

«ለሽያጭ ነው?»

«የሚሸጥም አለው። የሚበዛው ግን ለተከላ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና «የወደቀውን ልቀሚ። ዛፉን አትምቺ፣ ቅርንጫፍ አትስበሪ። ለጦጣውም ተይለት» አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው እየመሩ ጥሩ የሚያፈሩትን ዛፎች አንድ በአንድ አሳዩኝ። የትኛው በየዓመቱ እንደሚያፈራ፣ የትኛው ዓመት እየዘለለ እንደሚያፈራ ያውቃሉ። ያን ዕለት የነገሩኝን እስከ ዛሬ በየትኛውም ጽሑፍ አላየሁትም።

«ለጦጣውም ተይለት» ያሉት በዘር ለቀማ ሙያም የታወቀ ደንብ ነው። ከአንድ ዛፍ ካለው ፍሬ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ብቻ መውሰድ ይመከራል። ሌላው ደንብ ከብዙ እናት ዛፍ መልቀም ነው። የሚቀለው አንድ ሸክሙ የበዛ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ጆንያ መሙላት ነው። እንዲያ የተፈላ ችግኝ ግን ሁሉም እህትና ወንድም ነው። በሽታ ቢመጣ አብሮ ይጠቃል፣ አድጎ ሲያብብም እርስ በርሱ እየተዳቀለ ዘሩ ይደክማል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ከሃያና ሠላሳ ዛፍ፣ አንዱን ከሌላው ቢያንስ መቶ ሜትር እያራቃችሁ፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ውሰዱ። ትንሽ የደብር ጫካ ውስጥ ይህ ቁጥር አይሞላም። ያኔ ከሁለትና ከሦስት ደብር ለቅሞ ማቀላቀል ይሻላል። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም፣ እዚያ ወንድሜን ነው የምልከው። እናንተም የየቦታውን ሥርዓት ጠይቃችሁ ሂዱ።

አሁን ስለ ደብተሩ። ከሁሉ በላይ አድርጉልኝ የምለው ይህን ነው። አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ግዙ። ለአንድ ዙር ዘር አንድ ገጽ ስጡ። የዛፉን ስም፣ የለቀማችሁበትን ቀበሌና ደብር፣ ስንት እናት ዛፍ እንደነበረ፣ የለቀማችሁበትን ቀን፣ ፍሬው ከዛፉ ላይ ነው ወይስ ከመሬት የሚለውን ጻፉ። ቀጥሎ በምላጭ ስንጥቅ ከሃያው ስንቱ ደህና እንደሆነ። ከዚያ ምን እንዳደረጋችሁለትና የተዘራበትን ቀን። የመጀመሪያው ቡቃያ የወጣበትን ቀን፣ መውጣት ያቆመበትን ቀን፣ ከመቶው ስንት እንደበቀለ። ወደ ቱቦ ሲዛወር ስንት እንደሞተ። ሲተከል ቁመቱን። የሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ሄዳችሁ ስንቱ እንዳለ። ይህን የመጨረሻውን መስመር ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ ሆኖም ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ጣቢያ ውስጥ ዘጠና በመቶ በቅሎ ሜዳ ላይ ያለቀ ችግኝ አይቆጠርም።

አዲስ ነገር ስትሞክሩ ደግሞ ዘሩን ለሁለት ክፈሉ። አንዱን ግማሽ አክሙት፣ ሌላውን ምንም ሳትነኩ በዚያው ቀን በዚያው አፈር ዝሩት። አለበለዚያ ሕክምናው ይርዳ ዝናቡ ይርዳ አታውቁም። መደቡ ላይ የምትሰኩት እንጨት ላይ በእርሳስ ጻፉ። ስክሪብቶ በፀሐይና በውኃ ይጠፋል፣ እርሳስ ግን ይቆያል።

ማንበብ ለምትፈልጉ፣ የዛፉን ሳይንሳዊ ስም ይዛችሁ ፈልጉ። በአማርኛ ስሙ ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም። ሳይንሳዊው ስምም ይቀየራል። ዝግባ በድሮ ጽሑፎች ፖዶካርፐስ ፋልካተስ ነው፣ በአዲሶቹ አፍሮካርፐስ ፋልካተስ፤ ሁለቱንም ሞክሩ። የአገራችንን የሳይንስ መጽሔቶች፣ ለምሳሌ ሲኔትን፣ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ። ክፍያ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከገጠማችሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወይም የሚያስተምር የምታውቁትን ሰው ጠይቁ። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁም አትሽሹት። «ዘዴ» የሚለውን ክፍልና ሠንጠረዡን ብቻ ብታነቡ የምትፈልጉት እዚያ አለ።

ለዘንድሮ የያዝኩት ሰልቸንን ነው። ዘጌ ውስጥ በብዛት አለ፣ ጣቢያ ውስጥ ግን አይቼው አላውቅም። ከሁለት ደብር ጫካ የተለቀመ አለኝ። ግማሹን ሥጋውን አጥቤ ወዲያው ዘርቼዋለሁ፣ ግማሹን ጥላ ላይ አድርቄ በወረቀት ከረጢት አስቀምጫለሁ። የቆየው ይበቅል እንደሆነ ከጥር በኋላ አያለሁ፤ የሁለቱንም ውጤት፣ ባይበቅልም እንኳ፣ እጽፋለሁ። ከእናንተ መካከል ሰልቸን፣ ሎል ወይም ቀወት ከዘር አፍልቶ የሚያውቅ ካለ በየት ቦታና በስንተኛው ወር እንደለቀመ፣ ከመቶው ስንት እንደወጣለት ይጻፍልን።